ለራሱ የሚመልሰው ኮምፒውተር

በቨርቹዋልቦክስ ሁለት ምናባዊ ኮምፒውተሮች ፈጥረን አንደኛውን የዲኤንኤስ አገልጋይ አደረግነው እንበል። እያንዳንዳቸው ሁለት የኔትወርክ ካርድ አላቸው፤ የመጀመሪያው የኢንተርኔት መውጫ፣ ሁለተኛው የእርስ በርስ መገናኛ ነው። ከሁለተኛው ኮምፒውተር የአገልጋዩን ስም ጠርተን «ፒንግ» ስናደርግ መልስ ይመጣል፤ በአገልጋዩ ላይ ያኖርነው ድረ ገጽ ግን አይከፈትም። መልሱን የሰጠው ማን ነው? ራሱ ጠያቂው! ቨርቹዋልቦክስ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር በመውጫው ካርድ ለሁሉም 10.0.2.15 የተባለውን አንድ አድራሻ ያድላል። በስም መዝገቡ የሰፈረው ይህ ቁጥር ከሆነ ጥያቄው ከደጃፍ አይወጣም። እንግዲህ የፒንግ መልስ መምጣቱ ብቻ አያስተማምንም፤ የመጣበትን ቁጥር ማንበብ ይገባል።

መዝገቡን በመገናኛው ካርድ አድራሻ፣ ለምሳሌ በ192.168.56.10፣ እንተካለን። ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 እ.ኤ.አ. የነደፈው ዲኤንኤስ ግን መልሶችን በጊዜያዊ ማኅደር ያቆያል፤ የቆይታው ገደብ 86400 ሰከንድ ከሆነ አሮጌው ቁጥር አንድ ሙሉ ቀን ሊከርም ይችላል። ስለዚህ ከሙከራው በፊት የጠያቂውን ማኅደር እናጸዳለን።