በካኔቴራ ላይ ያለው ፊት፦ አራት ቀለም ሙሉ ምስል የሚኾንበት መንገድ

በሐራ፣ በመርሳና በወልድያም እንደ ሌላው የሀገሪቱ ክፍል ሁሉ ምስል የታተመበት ካኔቴራ የደስታም የኀዘንም ልብስ ኾኗል። ተመራቂ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ያሳትመዋል፤ የሠርግ ሚዜዎች ይለብሱታል። የካቲት 23 ቀን የዐድዋ ድል ሲዘከር የዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ምስል ያለባቸው ካኔቴራዎች አደባባዩን ይሞሉታል። ሰው ሲሞትም ቤተ ዘመዱ የሟቹን ፎቶ በደረቱ ይዞ ለዐርባው ይሰበሰባል።

ከእነዚህ ሁሉ ስሕተትን የማይታገሠው የመጨረሻው ነው። የድግስ ካኔቴራ ቀለሙ ቢዛባ ተስቆበት ያልፋል። የሟች ፊት አመድ መስሎ፣ ወይም ዐይኑ ድርብ ኾኖ ሲመጣ ግን ቤተሰቡ ለብሶት ለመውጣት ይቸገራል፤ ቀኑ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ያን ጊዜ አታሚው የስልኩን ካሜራ ይወቅሳል፣ ደንበኛው አታሚውን። አታሚው እውነቱን የሚኾንበት ጊዜ አለ። ብዙው ጥፋት ግን የሚፈጠረው ፎቶው ወደ ነጥብ ከተለወጠበት ሰዓት ጀምሮ ጨርቁ እሳት እስኪያይ ድረስ ባለው መንገድ ላይ ነው።

የስክሪን ኅትመት መሠረተ ሐሳቡ ከወንፊት አይርቅም። በእንጨት ወይም በአልሙኒየም ፍሬም ላይ በጣም ረቂቅ የኾነ የፖሊስተር ወንፊት ይወጠራል። ወንፊቱ ኢማልሽን በሚባል፣ ብርሃን ሲያገኘው በሚጠነክር ፈሳሽ ተቀብቶ በጨለማ ይደርቃል። ከዚያም ምስሉ በጥቁር የታተመበት ግልጽ ፊልም ይለጠፍበትና ብርሃን ይበራበታል። ብርሃን ያገኘው ክፍል ይጠነክራል፤ በፊልሙ ጥቁር የተጋረደው ለስላሳ እንደኾነ ይቀርና በውኃ ሲታጠብ ይወጣል። ቀለም በላስቲክ መግፊያ ሲገፋ በተከፈተው ቀዳዳ ብቻ ያልፋል። አንድ ስክሪን የሚያሳልፈው አንድ ቀለም ብቻ ነው። ጣጣው ሁሉ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። ጃፓናውያን በተቦረቦረ ወረቀት ልብስ ያስጌጡ የነበሩት ከዘመናት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 የእንግሊዟ ማንቸስተር ነዋሪ ሳሙኤል ሳይመን በሐር ጨርቅ ላይ የተመሠረተውን የኅትመት ስልት የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። ዛሬ ወንፊቱ ፖሊስተር ቢኾንም ሥራው በብዙ አገር አሁንም "የሐር ስክሪን" እየተባለ የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነው። በኢትዮጵያ የታተመ ካኔቴራን የብዙ ሰው ልብስ ካደረጉት መካከል ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ይጠቀሳል። በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ያኽል ተሳታፊዎች በተጀመረው በዚህ ውድድር ካኔቴራው የመግቢያ ትኬትም ነው።

የሩጫ ካኔቴራ ግን በአብዛኛው ጽሑፍና አርማ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ድፍን ቀለም ይበቃዋል። ፎቶ ሌላ ነገር ነው። በአንድ ሰው ጉንጭ ላይ ብቻ ከግንባሩ ብርሃን እስከ አገጩ ጥላ ድረስ ለመቁጠር የሚያዳግት የቀለም ደረጃ አለ። ለእያንዳንዱ ደረጃ ስክሪን ማዘጋጀት አይቻልም። ቀለሙንም እያቀጠኑ ማተም አይቻልም፤ ስክሪን ወይ ያሳልፋል ወይ ይከለክላል፣ መካከለኛ የለውም።

መፍትሔው ዐይንን ማታለል ነው። ሠርገኛ ጤፍን ያየ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ከቅርብ ሲያዩት ነጭና ቀይ ፍሬ ተደባልቆ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ግን ሦስተኛ ቀለም አለው። ነጩ ሲበዛ ይነጣል፣ ቀዩ ሲበዛ ይጠቁራል፤ አንዲትም ፍሬ ግን መልኳን አልለወጠችም። ፎቶም በኮምፒውተር ወደ ጥቃቅን ነጥቦች ይከፋፈላል፤ ባለሙያዎች ሃፍቶን ይሉታል። ጥላ ባለበት ነጥቡ ይተልቃል፣ ብርሃን ባለበት ይቀንሳል። ቀለሙ ያው አንድ ነው፤ የሚለዋወጠው የነጥቡ መጠን ነው።

ለሙሉ ቀለም ምስል አራት ስክሪን ይዘጋጃል። እነዚህም ሳያን የሚባለው ውኃ ሰማያዊ፣ ማጀንታ የሚባለው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ናቸው። ጋዜጣና መጽሔት የሚታተሙትም በእነዚሁ ነው። ቢጫና ማጀንታ ተደራርበው ቀይ ይሰጣሉ፤ ቢጫና ሳያን አረንጓዴ ይኾናሉ። የሰው ፊት አብዛኛው ሥራ በቢጫና በማጀንታ ይሠራል፤ ጠይምነቱን የሚሰጡት ሳያንና ጥቁር ናቸው። እዚህ ላይ ነው የብዙ አታሚ ሥራ የሚበላሸው። ለጠይም ፊት ሳያኑ በጥቂት ቢበልጥ ሰውዬው አመድማ ይኾናል፤ ማጀንታው ቢበልጥ በፀሐይ የተቃጠለ ይመስላል። ሰማይ ወይም ዛፍ በዚያው መጠን ቢዛባ የሚያስተውል የለም። የእናቱን ፊት ግን ማንም ሰው ይለየዋል።

የነጥቦቹ አሰላለፍም ሥርዓት አለው። አራቱም ስክሪኖች ነጥባቸው በአንድ አቅጣጫ ቢደረደር ወይም አንግላቸው ቢቀራረብ ተደራርበው ምስሉ ላይ የሽመና ጥለት የመሰለ ሞገድ ይወጣል። ስለዚህ ሳያን፣ ማጀንታና ጥቁር እርስ በርሳቸው በ30 ዲግሪ እንዲራራቁ ይደረጋል። ብዙ የማይታየው ቢጫ በቀረው ክፍተት ይገባል። በካኔቴራ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለ፤ ወንፊቱ ራሱ የክር መስመር ስላለው ከነጥቡ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ለጽሑፍ በሳንቲ ሜትር 43 ክር ያለው ወንፊት ይበቃል። ለፎቶ ግን 120 ክር ያለው ረቂቅ ወንፊት ይመረጣል፤ በሳንቲ ሜትር 22 ረድፍ ነጥብ ያለውን ምስል አጥርቶ የሚይዘው እርሱ ነው። በጽሑፍ ስክሪን ፎቶ ማተም ጤፍን በስንዴ ወንፊት እንደመንፋት ነው፤ ትንንሾቹ ነጥቦች የሚይዛቸው ክር አጥተው ይጠፋሉ፣ ከእነርሱም ጋር የፊቱ ብርሃን።

በኮምፒውተሩ ላይ ያማረው ምስል ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚጠቁርበትም ምክንያት አለ። ጥጥ ቀለም ሲያገኝ ነጥቡ ይሰፋል። ፊልሙ ላይ 50 በመቶ እንዲሸፍን የተሠራ ነጥብ ካኔቴራው ላይ 70 በመቶ ሊሸፍን ይችላል። ልምድ ያለው አታሚ ይህን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ምስሉን በስክሪኑ ላይ ፈዘዝ አድርጎ ነው ወደ ፊልም የሚልከው። ደንበኛው ከጎኑ ቆሞ "ደብዝዟል፣ አጥቁረው" ሲለው የሚሰማ ከኾነ ሁለቱም ይጸጸታሉ።

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ ለነጭ ካኔቴራ ነው። እነዚህ አራት ቀለማት ብርሃን አሳላፊ ናቸው፤ የሚያምሩት ከሥራቸው ያለው ነጭ ብርሃኑን ሲመልስላቸው ነው። በጥቁር ካኔቴራ ላይ ቢታተሙ ቢጫው ይጠፋል፣ ሌላውም ጭቃ ይኾናል። የኀዘን ካኔቴራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥቁር ነው የሚታዘዘው። ለዚህ መጀመሪያ የምስሉን ቅርጽ በነጭ ቀለም ማተም፣ በሙቀት ለጥቂት ሰከንድ ማድረቅ፣ ከዚያ በላዩ ላይ ብርሃን የማያሳልፉ ስድስት፣ ሰባት ወይም ስምንት የተመረጡ ቀለሞችን በነጥብ መደርደር ያስፈልጋል። የስክሪኑ ቁጥር በእጥፍ ያድጋል። ለጥቁር ካኔቴራ ከነጭ ይልቅ ዋጋ የሚጠየቀው በጨርቁ አይደለም፤ በዚህ ነው።

በዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። የአፄ ምኒልክ ፎቶግራፎች በጥቁርና ነጭ የተነሡ ናቸው፤ ስለዚህ አንድ ስክሪን ብቻ ይበቃቸዋል። ነጭ ካኔቴራ ላይ ጥላው በጥቁር ቀለም ይታተማል። በጥቁር ካኔቴራ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጥላው ጨርቁ ራሱ ነው፣ የሚታተመው ብርሃኑ ነው። ይህን የዘነጋ አታሚ ያንኑ ፊልም በነጭ ቀለም ሲጠቀምበት ንጉሡ ልክ እንደ ድሮ ኔጌቲቭ ፊታቸው ጠቁሮ ጺማቸው ነጥቶ ይወጣሉ። በቀለም ያልተነሣ አሮጌ ፎቶ ላለው ቤተሰብም ምክሩ ያው ነው፦ በኮምፒውተር ቀለም ከመቀባት ይልቅ በአንድ ቀለም ማሳተም ርካሽም ነው፣ መልኩንም ይጠብቃል።

አራቱ ስክሪኖች በካኔቴራው ላይ በየተራ ሲያርፉ ያለ ዝንፈት አንድ ቦታ መውደቅ አለባቸው። የአንድ ሚሊ ሜትር መንሸራተት ከንፈርን ከአፍ ያስወጣል። ለዚህ ነው ካኔቴራው በጠረጴዛው ላይ በሙጫ የሚያዘው፤ ለዚህም ነው የእንጨት ፍሬም ለጽሑፍ ጥሩ ኾኖ ለፎቶ የማይታመነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ይጣመማል፣ ወንፊቱም ይላላል። የላላ ወንፊት በመግፊያው ግፊት ይሳባል፤ የመጀመሪያው ካኔቴራ አምሮ ዐሥረኛው የሚዛባው በዚህ ነው።

የመጨረሻው ደረጃ እሳት ነው። ለካኔቴራ ኅትመት በብዛት ከሚሠራባቸው ቀለማት አንዱ ፕላስቲሶል የሚባለው ነው። ይህ ቀለም በአየር አይደርቅም፤ ወደ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው የሚጠነክረው። ሲነኩት ስለማያጣብቅ ብቻ የደረቀ የሚመስል፣ ውስጡ ግን ያልበሰለ ኅትመት በመጀመሪያው እጥበት ይላጣል። መብራት በመካከል ሲቋረጥ የተረፈውን ሙቀት አምኖ ሥራውን ማስረከብ የሚያመጣው ኪሳራ ይኸው ነው። በውኃ የሚበጠበጥ ቀለም ለስላሳና ለሰውነት የሚመች ቢኾንም ሌላ ጠባይ አለው። እንደ ሐራ ባለ ሞቃት አየር ገና ስክሪኑ ላይ እያለ ይደርቅና ረቂቆቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል። አታሚው በፍጥነት መሥራት፣ ስክሪኑንም በየጊዜው ማርጠብ ይጠበቅበታል።

ይህ ሁሉ ድካም ዋጋ አለው። አራት ስክሪን ለማዘጋጀት የሚወጣው ገንዘብና ጊዜ ለዐሥር ካኔቴራም ለአምስት መቶም እኩል ነው። ለአምስት መቶ ሲካፈል ኢምንት ይኾናል፤ ለዐሥር ሲካፈል ከካኔቴራው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ዲቲኤፍ የሚባለው አሠራር ተፈላጊ የኾነው ከዚህ የተነሣ ነው። በእርሱ ምስሉ በልዩ ፊልም ላይ በማተሚያ ማሽን ይታተማል፤ ነጭ ቀለም በላዩ ይደረባል፤ የሙጫ ዱቄት ይነሰነስበትና ይቀልጣል፤ ከዚያ በሂት ፕሬስ ጨርቁ ላይ ይታተማል። ስክሪን የለም፣ የነጥብ አንግል የለም፣ ጥቁር ካኔቴራም አያስቸግረውም። ሰብሊሜሽን የሚባለው ሌላው ስልት ደግሞ ቀለሙን ወደ ክሩ ውስጥ ስለሚያስገባ አይላጥም፤ የሚይዘው ግን ነጭ ወይም ፈዛዛ የኾነ ፖሊስተር ላይ ነው፣ በጥጥ ላይ አይሠራም።

እንግዲህ ለዐርባ የሚኾን ዐሥራ አምስት ካኔቴራ የሚያሳትም ቤተሰብ በስክሪን ሊሠራለት ቢጠይቅ ገንዘቡን ይጎዳል፤ ዲቲኤፍ ይሻለዋል። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የወልድያ ስታዲየም ቡድኑን ሊደግፍ ለሚገባ ሕዝብ በመቶዎች የሚቆጠር ካኔቴራ የሚያዝዝ የደጋፊዎች ማኅበር ግን ስክሪንን መተው የለበትም። በርካሽነቱ ብቻ አይደለም። የዲቲኤፍ ምስል ደረት ላይ እንደ ላስቲክ የሚለጠፍ፣ አየር የማያሳልፍ ነው፤ ትልቅ ምስል ከኾነ በቆላ ፀሐይ ለለበሰው ሰው ይሞቀዋል። በረቂቅ ወንፊት በስሱ የታተመ የስክሪን ምስል ግን ጨርቁን እንዲተነፍስ ይተወዋል።

ለአካባቢው ወጣቶች ሙያው ሊሰጥ የሚችለውን ያኽል እየሰጠ ነው ማለት ያስቸግራል። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም፣ ከሐምሌ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ የኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ እንዲደርስ የታቀደው ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባቡር መሥመርም መዳረሻው እዚሁ ነው። ጨርቁ ቅርብ ነው፤ የሚጎድለው ነጥብንና ሙቀትን የሚያውቅ እጅ ነው። ለመጀመር የሚጠይቀውም ብዙ አይደለም፦ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ፍሬሞች፣ ብርሃን የማይገባበት ክፍልና በቂ ውኃ። በአንድ ቀለም ፎቶ አጥርቶ ማተም የቻለ ወደ አራቱ ይሸጋገራል፤ አርማና ጽሑፍ ብቻ ሲያትም የኖረ ግን በአንድ ጊዜ ወደ ፎቶ ቢዘል ሥራው ይበላሽበታል።

ከደንበኛው በኩል የሚጠበቀው ጥቂት ነው። አብዛኛው ፎቶ በቴሌግራም የሚላክ ሲኾን እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። በ30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ለሚታተም ምስል ቢያንስ 1 ሺህ 300 ያኽል ፒክስል ስፋት ያስፈልጋል። ከሠርግ የቡድን ፎቶ ተቆርጦ የወጣ አንድ ፊት ብዙ ጊዜ ከዚህ በታች ነው፤ እንዲህ ሲኾን ምስሉን አሳንሶ ማተም በግድ ከማተለቅ ይሻላል። ጊዜ ካለ ደግሞ ሁሉም ከመታተሙ በፊት አንድ ካኔቴራ አሳትሞ፣ በፀሐይ ብርሃን ፊቱን ከሚያውቅ ሰው ጋር ማየት፣ ከዚያም ቤት ወስዶ ማጠብ ነው። ያን አንዱን ካኔቴራ ሲጎትቱት ቀለሙ ከተሰነጠቀ እሳቱ አልበቃውም ማለት ስለኾነ አታሚው የቀሩትን ሳያስረክብ እንደገና ሊያሞቃቸው ይችላል።