አቅሙን የለካው የ«ዳቦና አሻንጉሊት» ማኅበር

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በቬርሞንት ክፍለ ግዛት፣ ግሎቨር በምትባል 1 ሺህ ያህል ነዋሪ ባላት የገጠር መንደር ውስጥ ከ50 ዓመት በላይ የቆየ አንድ የጥበብ ማኅበር ይገኛል። ስሙ «ብሬድ ኤንድ ፓፔት» ሲሆን ትርጉሙ ዳቦና አሻንጉሊት ማለት ነው። ማኅበሩ የቀራጭን፣ የሠዓሊን፣ የሙዚቀኛን፣ የዳንሰኛን፣ የአታሚንና የዳቦ ጋጋሪን ሙያ አንድ ላይ አጣምሮ፣ ሜዳውንና የከብት በረቱን በግዙፍ ምስሎች እየሞላ ለሕዝብ ትርኢት ያሳያል።

ማኅበሩ የሚሠራው ቲያትር ቢሆንም አሠራሩ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች ትምህርት የሚሆን ነው። ብዙ ገንዘብ ሳይኖረው በአካባቢው በሚገኝ ዕቃና በጎረቤት ጉልበት ሥራውን አቁሟል። ዝግጅቱ ከአቅሙ በላይ ባደገ ጊዜ ደግሞ ከባድ ጉዳት ደርሶበት ከባድ ውሳኔ ወስኗል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመሠራረቱ

የማኅበሩ መሥራች ሚስተር ፒተር ሹማን በ1934 በሲሌዥያ ተወለዱ። ሲሌዥያ ያን ጊዜ የጀርመን ግዛት ስትሆን የተወለዱበት ቦታ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ይገኛል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ቤተሰቡ ቀዬውን ለቆ ሲሰደድ ገና ልጅ ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኤልካ ደግሞ ከአሜሪካዊ አባትና ከሩሲያዊት እናት በ1935 በሶቪየት ኅብረት የተወለዱ ናቸው። ባልና ሚስቱ በ1961 ወደ አሜሪካ ከሄዱ በኋላ በ1963 በኒውዮርክ ከተማ ማኅበሩ ተመሠረተ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትርኢቱ ይታይ የነበረው በድሆች ሰፈር መንገድ ላይ ነው። የሚነሣውም ጉዳይ የሰፈሩ ሰው በየቀኑ የሚያየው የቤት ኪራይ ችግር፣ የአይጥ መብዛትና የመሳሰለው ነበር። በ1960ዎቹ ውስጥ የቬትናምን ጦርነት በመቃወም በተደረጉ ሰልፎች ላይ የማኅበሩ ግዙፍ አሻንጉሊቶች ከሕዝቡ ራስ በላይ ከፍ ብለው ይታዩ ስለነበር ስሙ በሰፊው ታወቀ።

በ1970 ማኅበሩ ጎዳርድ በሚባል ኮሌጅ ጋባዥነት ከከተማ ወጥቶ ወደ ቬርሞንት ገጠር ገባ። በኮሌጁ እርሻ ላይ ጥቂት ዓመታት ከቆየ በኋላ በ1974 አሁን ወዳለበት ወደ ግሎቨር ተዛወረ። የሰፈረበትም ቦታ የቀድሞ የወተት ላሞች እርሻ ነው።

ቬርሞንት የወተት አገር ነው። በ1940ዎቹ ከ10 ሺህ በላይ የወተት እርሻዎች የነበሩት ሲሆን፣ አነስተኛ አርቢዎች ከገበያው ጋር መወዳደር እያቃታቸው ሥራውን በመተዋቸው ዛሬ የእርሻዎቹ ቁጥር ከ1 ሺህ በታች ወርዷል። በዚህም የተነሣ ባዶ የቀሩ በረቶች በየቦታው ይታያሉ። የግሎቨሩ በረት ሳይፈርስ ለሌላ አገልግሎት ሊውል የቻለው ማኅበሩ ስለገባበት ነው።

ዳቦው

በትርኢቱ ላይ ለሚገኝ ሰው ዳቦ በነፃ ይታደላል። ይህ ልማድ ከማኅበሩ ስም ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እንደ ሚስተር ሹማን እምነት ጥበብ ሀብታም ብቻ የሚገዛው ጌጥ ሳይሆን እንደ ምግብ ለማንኛውም ሰው የሚያስፈልግ ነገር ነው። ስለዚህ ትርኢቱን ያየ ሰው ዳቦውንም ቆርሶ እንዲሄድ ይደረጋል።

ዳቦው የሚዘጋጀው ራይ ከሚባለው የስንዴ ዘመድ እህል ነው። ራይ ብርድን የሚችልና ለም ባልሆነ አሸዋማ መሬት ላይም የሚበቅል እህል ነው። በአገራችን በጎጃምና በጎንደር ደጋማ ቦታዎች የሚታወቀው ትሪቲካሌ የዚሁ የራይና የስንዴ ድቅል ነው። የራይ ሊጥ እንደ ስንዴ ሊጥ የመሳሳብ ኃይል ስለሌለው በእርሾ ካልኮመጠጠ በቀር ጥሩ ዳቦ አይወጣውም። በመሆኑም ከአንዱ ቡኮ ጥቂት ለሚቀጥለው እያስቀሩ በእርሾ ያቦኩታል፤ እንጀራ ለሚጋግር ቤት ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሚስተር ሹማን አጋገሩን ያወቁት በልጅነታቸው ከእናታቸው ሲሆን ለተመልካቹ የሚታደለውን ዳቦ በውጭ በተሠራ ምድጃ ራሳቸው ሲጋግሩ ኖረዋል። ዳቦው የሚበላው በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ማባያ ነው።

ከጭቃና ከወረቀት

የአሻንጉሊቶቹ አሠራር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በመጀመሪያ የሚፈለገው ፊት ወይም እጅ በሸክላ ጭቃ ይቀረጻል። በቅርጹ ላይ በሙጫ የራሰ ወረቀት በየተራ እየተደራረበ ይለጠፋል። ሙጫውም ከስታርች የሚፈላ ነው። ወረቀቱ ሲደርቅ ከጭቃው ተላቆ ይወጣና ቀለም ይቀባል። ጭቃው በውሃ ርሶ እንደገና ለሌላ ቅርጽ ያገለግላል። ለልብስ አሮጌ አንሶላና ጨርቅ፣ ለመሸከሚያ ደግሞ እንጨት ይበቃል።

በዚህ ዓይነት የተሠራ ምስል ትልቅ ሆኖ ሳለ ቀላል ነው። ቁመቱ ከአንድ ቤት ጣራ የሚስተካከለውን አሻንጉሊት ብዙውን ጊዜ ሦስት ሰዎች ያንቀሳቅሱታል፤ አንዱ ራሱንና አካሉን ይሸከማል፣ ሁለቱ ደግሞ ግራና ቀኝ እጆቹን በረጅም እንጨት ይይዛሉ። ሦስቱ ካልተስማሙ አሻንጉሊቱ አንድ እርምጃ መሄድ አይችልም።

ሥራው በዚህ መልክ መከፋፈሉ ሌላም ጥቅም አለው። በቋሚነት የሚሠሩት አባላት ጥቂት ሲሆኑ በበጋ ወራት በርካታ በጎ ፈቃደኞች ይመጣሉ። አዲስ የመጣ ሰው ቲያትር ባያውቅም እንጨት መሸከም፣ ሰንደቅ መያዝ፣ ከበሮ መምታት ወይም በመዘምራን መካከል መቆም ይችላል። ሙያ ያለው ሙያውን ያበረክታል፣ የሌለው ደግሞ እዚያው እየሠራ ይማራል።

በረቱ

በእርሻው ላይ ያለው ትልቅ በረት የተሠራው በ1863 ነው። ቀድሞ ከብትና ድርቆሽ የነበረበት ይህ ቤት ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል። ነገር ግን ዕቃዎቹ እንደ ከተማ ሙዚየም በመስታወት ውስጥ ለየብቻ አልተቀመጡም። ከወለሉ እስከ ጣራው ተሸካሚ እንጨት ድረስ፣ ታችም ፎቅም፣ የቆዩ ትርኢቶች ምስሎች በጉዳያቸው ተቧድነው ቆመዋል። የሚገባው ሰው ተዋናዮቹ በድንገት ዝም ብለው በቆሙበት ቲያትር መካከል የሚያልፍ ይመስለዋል።

ምስሎቹ ወረቀት በመሆናቸው እርጥበት፣ ነፍሳትና አይጥ ይጎዷቸዋል። ማኅበሩ ይህን ለመከላከል ውድ መሣሪያ አላስገባም። ምስል እንደ ማንኛውም ነገር ያረጃል የሚል አቋም ይዞ የሚጠገነውን እየጠገነ፣ ያለቀለትን በአዲስ እየተካ ይኖራል። ለትርኢት የሚፈለግም ምስል ካለ ከበረቱ ወጥቶ እንደገና ይሠራበታል።

ማኅበሩ ሥዕሎችንና ጽሑፎችን አትሞ በርካሽ ዋጋ ይሸጣል። በአንድ ወቅት በቁርጥራጭ ካርቶንና ጣውላ ላይ የተሣሉ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ሥዕሎችን በአሮጌ የተማሪዎች አውቶቡስ ጭኖ በአካባቢው ከተሞች በጥቂት ሳንቲም ጭምር ሸጧል። የኅትመቱንና የሙዚየሙን ሥራ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያከናውኑ የኖሩት ወይዘሮ ኤልካ ናቸው። እሳቸውም በ2021 በ85 ዓመታቸው ዐርፈዋል። የማኅበሩ ገቢ ከጉዞ ትርኢቶች፣ ከኅትመት ሽያጭና ከደጋፊዎች መዋጮ የሚገኝ ነው።

የበጋው ትልቅ ትርኢት

በእርሻው ላይ ቀድሞ ጠጠር የወጣበት ሰፊ ጉድጓድ አለ። ዙሪያው ዳገት፣ መካከሉ ሜዳ በመሆኑ ያለ አንዳች ግንባታ የተመልካች መቀመጫና የመጫወቻ ቦታ ሆነ። ማኅበሩ በየዓመቱ በበጋ ትልቁን ትርኢት የሚያሳየው በዚህ ቦታ ነበር። ቀን በየጫካው ጥግና በየሜዳው ትንንሽ ጨዋታዎች ይታያሉ፤ ከዚያም ሰርከሱ ይቀጥላል። ወደ ማታ ሲሆን ግዙፎቹ ምስሎች ከሩቅ ኮረብታ እየተነሡ ይመጣሉ። በመጨረሻም ክፋትን የሚወክለው ምስል በእሳት ይቃጠላል።

መግቢያው ነፃ ነበር፤ ዳቦውም እንደዚሁ። የተመልካቹ ቁጥር ከዓመት ዓመት እየጨመረ ሄዶ በ1990ዎቹ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሆነ። ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚመጣው 1 ሺህ ያህል ሰው ወደሚኖርባት መንደር ነው። መንገዱ በመኪና ተጣበበ። የአካባቢው ባለ መሬቶች ማሳቸውን ለድንኳን መትከያ ማከራየት ጀመሩ። ከሚመጣው ሕዝብ ውስጥም ትርኢቱን ትቶ በየሰፈሩ ለመጠጥና ለጭፈራ ብቻ የሚሰበሰበው እየበዛ ሄደ።

የ1998 ውሳኔ

ማኅበሩ በራሱ ሜዳ ላይ ሥርዓት ማስከበር ይችል ነበር። በጎረቤት ማሳዎች ላይ ግን ሥልጣንም የሰው ኃይልም አልነበረውም። በ1998 በጋ በአንደኛው የድንኳን ሰፈር በተነሣ ጠብ አንድ ሰው ተገደለ። ግድያው የተፈጸመው ከማኅበሩ ቦታ ውጭ ቢሆንም ሕዝቡን ወደዚያ ያመጣው የማኅበሩ ዝግጅት ነበር።

ሚስተር ሹማን ብዙ የዘበኛ ኃይል በመቅጠር ወይም ትኬት በመሸጥ ዝግጅቱን ለማስቀጠል አልመረጡም። ትልቁ ዓመታዊ ትርኢት እንዲቆም ወሰኑ። በዚህም ከ1970 ጀምሮ የነበረው ዝግጅት በዚያው ዓመት አበቃ።

ውሳኔው ያለ ኪሣራ አልተፈጸመም። በየዓመቱ ይገናኙ የነበሩ በጎ ፈቃደኞች መገናኛቸውን አጡ፤ ማሳ ያከራዩ የነበሩ ጎረቤቶችም ገቢው ቀረባቸው። ማኅበሩም ስሙን ከምንም በላይ ያስጠራለት የነበረውን ቀን በገዛ እጁ ዘጋ።

ይሁን እንጂ ሥራው አልቆመም። አንዱ ትልቅ ቀን በበጋው ወራት ውስጥ ለብዙ የሳምንት መጨረሻ ቀናት ተከፋፈለ። በየጊዜው የሚመጣው ተመልካች ሜዳው የሚችለውና ዳቦውም የሚዳረሰው ያህል ሆነ። ሚስተር ሹማን በ2024 90 ዓመት ሲሞላቸው ማኅበሩ ከ60 ዓመት በላይ አስቆጥሮ ነበር። ትልቁን ትርኢት ካቆመ በኋላም ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ቆይቷል።

ለማኅበር መሪዎች

ለበዓል፣ ለስብሰባ፣ ለገበያ ወይም ለመስክ ቀን ብዙ ሕዝብ የሚጠራ የማኅበር መሪ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን ማየት ይችላል።

አንደኛ፣ ዕቃ ከመግዛት በፊት በቀበሌው ያለውን መቁጠር ያስፈልጋል። የተተወ መጋዘን፣ ድንጋይ የወጣበት ጉድጓድ፣ ጭቃና አሮጌ ጨርቅ ለግሎቨሩ ማኅበር ቤትም ንብረትም ሆነዋል።

ሁለተኛ፣ ሥራ ሲከፋፈል ሙያ የሌለውም ሰው የሚይዘው እንጨት ሊኖር ይገባል። ሰው የሚቀርበው የሚሠራው ነገር ሲሰጠው ነው።

ሦስተኛ፣ የሚጠራው ሕዝብ ብዛት የሚለካው በሜዳው ስፋት ብቻ አይደለም። ውሃው፣ መጸዳጃው፣ መንገዱ፣ ከሜዳው ውጭ ባሉት የጎረቤት ማሳዎች ላይ የሚያድረው ሰውና ጠብ ቢነሣ የሚገላግለው ኮሚቴ አስቀድመው መታሰብ አለባቸው። ለእነዚህ ኃላፊ ካልተገኘ የሚሻለው ዝግጅቱን በቀበሌ በቀበሌ ከፋፍሎ በተለያየ ቀን ማድረግ ነው። የግሎቨሩ ማኅበር ወደዚህ አሠራር የገባው የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ ነው።