ከተዘጋ በኋላ በራሱ የሚበራ ኮምፒዩተር

ከተዘጋ በኋላ በራሱ የሚበራ ኮምፒዩተር ማለት ተጠቃሚው ሥራውን ጨርሶ ከዘጋው በኋላ፣ ማንም ሰው የማብሪያ ቁልፉን ሳይነካው ተመልሶ የሚነሣ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር (ዴስክቶፕ) ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ቫይረስ ገብቶበታል ወይም ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል ብሎ ይጠረጥራል። ሆኖም ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ብልሽት ሳይሆን አስቀድሞ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተሞላ ትእዛዝ ነው፤ ስለዚህ ያለ ምንም ወጪ ሊስተካከል ይችላል። ምክንያቱን ለመለየት ዋናው ፍንጭ ኮምፒዩተሩ የሚበራበት ጊዜ ነው፦ የሄደ መብራት ሲመለስ ነው? ወዲያው እንደተዘጋ ነው? በየቀኑ በአንድ ሰዓት ላይ ነው? ወይስ ጊዜ ሳይለይ?

የተዘጋ ኮምፒዩተር በእርግጥ ጠፍቷል?

እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በስፋት ይሠራባቸው የነበሩ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ማብሪያ፣ እንደ ግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ የኤሌክትሪኩን መስመር በቀጥታ የሚቆርጥ ነበር። ዊንዶውስ 95ን በእንዲህ ዓይነት ኮምፒዩተር ላይ የዘጋ ሰው፣ አሁን ማጥፋት እንደሚችል የሚገልጽ ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ሲመጣለት በገዛ እጁ ቁልፉን ማጥፋት ነበረበት። በዚያ መንገድ የጠፋ ኮምፒዩተር ኤሌክትሪክ ስለማያገኝ በራሱ ሊነሣ አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1995 ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን የማዘርቦርድና የፓወር ሰፕላይ ደረጃ አወጣ። በዚህ አሠራር ፊት ለፊት ያለው ቁልፍ መስመር አይቆርጥም፤ ለማዘርቦርዱ ምልክት ብቻ ይሰጣል። ምልክቱን የሚቀበል ክፍል ነቅቶ መጠበቅ ስላለበት፣ ገመዱ ከሶኬት እስካልተነቀለ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ በሐምራዊው ሽቦ በኩል 5 ቮልት ተጠባባቂ ኃይል ያለማቋረጥ ይሰጣል። የመነሣት ትእዛዝ ሲመጣ ማዘርቦርዱ አረንጓዴውን ሽቦ ወደ ዜሮ ቮልት ያወርደዋል፤ ያን ጊዜ ፓወር ሰፕላዩ ለሌሎቹ ክፍሎች የሚያስፈልገውን 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ይለቃል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ያወጡት ኤሲፒአይ የተባለ ደንብ የኮምፒዩተርን የዕረፍት ደረጃዎች በቁጥር ይለያል። ኤስ3 እንቅልፍ (ስሊፕ) ሲሆን፣ ኤስ4 ያለውን ሁሉ በዲስክ ላይ ጽፎ ማረፍ (ሃይበርኔት) ነው። ኤስ5 ደግሞ ሻት ዳውን የሚባለው ነው። ከእነዚህ ውጭ ያለው ገመዱ ተነቅሎ ወይም ከኋላ ያለው ማብሪያ ጠፍቶ ሙሉ በሙሉ ያለ ኤሌክትሪክ መቆየት ነው። ሻት ዳውን የተደረገ ኮምፒዩተር እንግዲህ ባለቤቶቹ ተኝተው ዘበኛው ነቅቶ የሚያድርበትን ግቢ ይመስላል። ዘበኛው ለማን በር እንደሚከፍት አስቀድሞ ተነግሮታል፦ ለማብሪያ ቁልፉ፣ ለውስጥ ሰዓቱ፣ ለኔትወርክ ካርዱ፣ ለኪቦርድና ለማውስ፣ ወይም ሄዶ ለሚመለስ መብራት። በራሱ የሚበራን ኮምፒዩተር መመርመር ማለት በሩን ያንኳኳው ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው።

መብራት ሲመለስ የሚበራ ከሆነ

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው። በባዮስ ውስጥ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ምን እንደሚያደርግ የሚወስን ምርጫ አለ። በዴል ኮምፒዩተሮች «ኤሲ ሪከቨሪ»፣ በኤችፒ «አፍተር ፓወር ሎስ»፣ በሌሎች ብዙ ማዘርቦርዶች «ሪስቶር ኤሲ ፓወር ሎስ» ወይም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ስም ይሰጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት አማራጮች አሉት፦ ጠፍቶ ይቆይ፣ ይብራ፣ ወደ ነበረበት ይመለስ። «ይብራ» የሚለው ከተመረጠ፣ ኮምፒዩተሩ ማታ በትክክል ተዘግቶም ቢሆን መብራት በተመለሰ ቁጥር ይነሣል።

ይህ ምርጫ የተሠራው ሰው በሌለበት ሥራቸውን መቀጠል ላለባቸው ሰርቨሮች እንዲጠቅም ነው። ለቢሮና ለቤት ኮምፒዩተር ግን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ለምሳሌ መካነ ኢየሱስን በመሳሰለ የወረዳ ከተማ ያለ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ማታ ዲቫይደሩን ሳያጠፋ ቢዘጋ፣ ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒዩተሩ ባዶ ቤት ውስጥ ይነሣል። ዊንዶውስ ገና በመነሣት ላይ ሳለ መብራቱ ተመልሶ ከሄደ በዲስኩ ላይ በመጻፍ ላይ ያለ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ይህ በአንድ ሌሊት ደጋግሞ ሲሆን ጠዋት የማይነሣ ኮምፒዩተር ያጋጥማል፤ በውስጡ ያለው የደንበኞች ጽሑፍ፣ የተማሪዎች ውጤት ወይም የቢሮ መዝገብም አብሮ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ይህን ለማረጋገጥ ኮምፒዩተሩን ዘግቶ ገመዱን ከሶኬት መንቀል፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል መጠበቅና መልሶ መሰካት ይበቃል። ማንም ሳይነካው ተነሥቶ ዊንዶውስን ከከፈተ ምክንያቱ ተገኝቷል። አንዳንድ ማዘርቦርዶች ግን ገመድ ሲሰካ ለአንድ ወይም ለሁለት ሴኮንድ ብቻ ቦግ ብለው ይጠፋሉ፤ ይህ ችግር አይደለም። ለማስተካከል ኮምፒዩተሩ ሲነሣ በዴል ኤፍ2፣ በኤችፒ ኤፍ10፣ በብዙ ሌሎች ዲሊት የሚለውን ቁልፍ ደጋግሞ በመጫን ወደ ባዮስ መግባት፣ «ጠፍቶ ይቆይ» የሚለውን መምረጥና አስቀምጦ መውጣት ያስፈልጋል።

ምርጫው ተስተካክሎ ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ቀድሞው ከተመለሰ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የተባለች ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ሳታልቅ አልቀረችም። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ገመዱ ተነቅሎ ባደረ ቁጥር የኮምፒዩተሩ ቀን ወደ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ባትሪዋ በርካሽ የምትገኝና በቀላሉ የምትቀየር ናት።

ወዲያው እንደተዘጋ የሚበራ ከሆነ

ሻት ዳውን ተብሎ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ የሚነሣ ኮምፒዩተር ብዙውን ጊዜ መዝጋቱ ወደ ሪስታርት ተለውጦበታል። የተለመዱት ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

በመዝጋት ላይ የሚፈጠር ስሕተት። ዊንዶውስ ከባድ ስሕተት ሲያጋጥመው በራሱ ሪስታርት እንዲያደርግ ሆኖ ነው ከፋብሪካ የሚመጣው። ሲዘጋ አንድ ድራይቨር ከተሰናከለ ሰማያዊው የስሕተት ገጽ ሳይነበብ አልፎ ኮምፒዩተሩ ይነሣል። በሲስተም ገጽ «አድቫንስድ» ውስጥ «ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ» በሚለው ሥር «ኦቶማቲካሊ ሪስታርት» የሚለውን ምልክት ማንሣት የስሕተቱን ስም ለማንበብ ጊዜ ይሰጣል።

ፋስት ስታርትአፕ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ሻት ዳውን ሲባል ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ለሚቀጥለው ቀን ፈጥኖ እንዲነሣ የራሱን እምብርት በዲስክ ላይ ጽፎ ያርፋል። አንዳንድ የቆዩ ድራይቨሮች ከዚህ አሠራር ጋር አይስማሙም። ለመፈተን የሺፍት ቁልፍን ይዞ ሻት ዳውን ማለት ይቻላል፤ ይህ ሙሉ መዝጋት ነው። በዚህ መንገድ ሲዘጋ ጠፍቶ ከቀረ «ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብቶ ፋስት ስታርትአፕን ማጥፋት መፍትሔ ይሆናል።

የተጣበቀ ማብሪያ ቁልፍ። በአቧራ ወይም በእርጅና ተጭኖ የቀረ ቁልፍ ሰው እንደነካው ያህል ምልክት ይሰጣል። በተለምዶ «ሲፒዩ» የሚባለው ሳጥን ተከፍቶ ከፊት ቁልፍ ወደ ማዘርቦርድ የሚመጣው ቀጭን ባለ ሁለት ሽቦ ማገናኛ ኮምፒዩተሩ ከተዘጋ በኋላ ሲነቀል ችግሩ ከቆመ ጥፋቱ የቁልፉ ነው።

ዊንዶውስ ራሱ የሚይዘው መዝገብም ይረዳል። «ኢቨንት ቪወር» ውስጥ ቁጥር 1074 አንድ ፕሮግራም ወይም ተጠቃሚ መዝጋት ወይም ሪስታርት ማዘዙን ያሳያል፤ ያዘዘውንም በስም ይጠቅሳል። ቁጥር 6006 በሥርዓት መዘጋቱን ያመለክታል። ቁጥር 6008 እና ቁጥር 41 ግን ሳይዘጋ ድንገት መጥፋቱን ይናገራሉ። ቁጥር 41 ተደጋግሞ ከታየ ስለ መብራት መቆራረጥ ወይም ስለ ፓወር ሰፕላይ ማሰብ ይገባል።

በየቀኑ በአንድ ሰዓት የሚበራ ከሆነ

በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ሰዓት እንደ ማንቂያ ደወል ኮምፒዩተሩን ሊቀሰቅስ ይችላል። ይህ ምርጫ በባዮስ ውስጥ ሲሆን፣ በዴል «ኦቶ ኦን ታይም» ይባላል። ከውጭ አገር ቢሮዎች ተሰብስበው የሚመጡ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች የቀድሞ ባለቤታቸው የሞላውን ሰዓት እንደያዙ ሊደርሱ ይችላሉ።

እዚህ ላይ የሰዓት አቆጣጠር ልዩነት ሰውን ያሳስታል። የባዮስ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር ባለ 24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ በእሱ 3፡00 ማለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ 19፡00 ማለት ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። «ኮምፒዩተሩ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነሣል» የሚል ባለቤት ባዮስ ውስጥ 3፡00ን ሳይሆን 9፡00ን ከፈለገ ምክንያቱን ሳያገኝ ይቀራል።

ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ ሳይሆን ስሊፕ ተደርጎ የተተወ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ ለጥገናና ለአፕዴት ራሱን ሊቀሰቅስ ይችላል። በዚህ ጊዜ «ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥ «ዌክ ታይመርስ» የሚለውን ማጥፋት ይበቃል።

ጊዜ ሳይለይ የሚበራ ከሆነ

ኔትወርክ። ዌክ ኦን ላን የተባለው አሠራር የሩቅ ኮምፒዩተርን በኔትወርክ ገመድ ለማስነሣት የተሠራ ነው። የሚላከው ልዩ መልእክት 255 የሚለውን ቁጥር 6 ጊዜ፣ ከዚያም የተፈለገውን የኔትወርክ ካርድ ባለ 6 ባይት መለያ 16 ጊዜ ደጋግሞ ይይዛል፤ በጠቅላላው 102 ባይት ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ ሳለ የኔትወርክ ገመዱ መሰኪያ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት የምትበራ ከሆነ ካርዱ ነቅቶ እየጠበቀ ነው። ለመፈተን ገመዱን ነቅሎ ማሳደር ነው፤ ለማስቀረት ደግሞ ዌክ ኦን ላንን በባዮስ ውስጥ ማጥፋት ይቻላል።

ኪቦርድና ማውስ። ጠረጴዛ ሲነቃነቅ የሚንቀሳቀስ ማውስ ወይም የተጣበቀ የኪቦርድ ፊደል ስሊፕ ላይ ያለን ኮምፒዩተር ያነቃል። በባዮስ ከተፈቀደለት የተዘጋንም ሊያስነሣ ይችላል። መፈተኛው ሁለቱንም ነቅሎ ማሳደር ነው።

ፓወር ሰፕላይ። ከላይ ያሉት ሁሉ ተፈትነው ምንም ካልተገኘ፣ ያረጀ ፓወር ሰፕላይ የሚሰጠው ተጠባባቂ 5 ቮልት እየዋዠቀ ሊሆን ይችላል። ጭንቅላታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች በማዘርቦርዱ ላይ መታየትም የእርጅና ምልክት ነው። በሚሠራ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ቀይሮ መሞከር ጥርጣሬውን ይለያል።

ቫይረስስ? በተዘጋ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም የለም፤ ስለዚህ ቫይረስ ከተዘጋ በኋላ ተነሥቶ ኮምፒዩተሩን ሊያበራ አይችልም። ሊያደርግ የሚችለው ከመዘጋቱ በፊት የመነሻ ትእዛዝ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ፎርማት ማድረግ የመጀመሪያ እርምጃ ሊሆን አይገባም፤ በባዮስ የተሞላን ትእዛዝ ስለማይነካም ፋይል አስጠፍቶ ችግሩን እንዳለ ሊተወው ይችላል።

የምርመራ ቅደም ተከተል

1. ኮምፒዩተሩ የሚነሣበትን ሰዓት ለጥቂት ቀናት በወረቀት መመዝገብ፤ መብራት ሄዶ መምጣቱንም አብሮ መጻፍ።
2. በእርግጥ ሻት ዳውን እንጂ ስሊፕ አለመደረጉን ማረጋገጥ።
3. ገመዱን ነቅሎ መልሶ በመሰካት የመብራት መመለስን መፈተን።
4. በሺፍት ቁልፍ ሙሉ በሙሉ መዝጋት።
5. የኔትወርክ ገመድን፣ ማውስንና ኪቦርድን በየተራ፣ በአንድ ሌሊት አንዱን ብቻ ነቅሎ ማሳደር።
6. በባዮስ ውስጥ የመብራት መመለስን፣ የሰዓትንና የኔትወርክን ምርጫዎች መመልከት።
7. የማብሪያ ቁልፉንና ባትሪዋን ማየት።
8. በመጨረሻ ፓወር ሰፕላይ መቀየር።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ያስፈልጋል። ሦስት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው ችግሩ ቢጠፋ እንኳ የትኛው እንደፈታው አያውቅም።

ጥንቃቄ

የተዘጋ ኮምፒዩተር ኤሌክትሪክ ስላለው ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት ገመዱ የግድ መነቀል አለበት። ተጠባባቂው ኃይል ሳይቋረጥ ራም መንቀል ወይም መሰካት ማዘርቦርዱን ሊጎዳ ይችላል። የፓወር ሰፕላዩ የራሱ ክዳን ግን ገመዱ ተነቅሎም ቢሆን በባለሙያ ካልሆነ አይከፈትም። በኢትዮጵያ የሚሠራበት 220 ቮልት ወደ ቀጥተኛ ከረንት ሲለወጥ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይይዛሉ፤ ከተነቀለ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ሊያቆዩት ይችላሉ።

ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ ቀላሉ መከላከያ ኮምፒዩተሩን በሥርዓት ዘግቶ፣ ድምፁ መቆሙን አይቶ፣ ከዚያ ዲቫይደሩን ማጥፋት ወይም ገመዱን ከሶኬት መንቀል ነው። ኤሌክትሪክ የሌለው ኮምፒዩተር በራሱ አይነሣም፤ መብራት ከፍ ብሎ ሲመጣም ከሚደርስ ጉዳት ይድናል።