ተቆንጥሮ የተሰጠ ምሕረት

የፖለቲካ እስረኞች ተፈቱ ሲባል፣ ማን እንደቀረና የተፈታው ወዴት እንደተላከ መጠየቅ ደግ ነው። የአየርላንድ ፌኒያኖችን ታሪክ እንውሰድ።

ፌኒያኖች አየርላንድን ከብሪታንያ ዘውድ አላቅቀው ሪፐብሊክ ሊያደርጓት በምስጢር የተማማሉ ሰዎች ነበሩ። መንግሥት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1865 ጋዜጣቸውን ዘግቶ መሪዎቹን ለቀመ፤ የ1867ቱ ዐመፅም ወዲያው ከሸፈ። የተፈረደባቸው ወደ እንግሊዝ ወህኒ ቤቶች ተጋዙ። እዚያ የፖለቲካ እስረኛ ብሎ ነገር የለም፤ ከሌባና ከነፍሰ ገዳይ እኩል ይቀጠቀጣሉ። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ኦዶኖቫን ሮሳ፣ አልገዛም ብሎ በቻተም ወህኒ ቤት አዛዥ ላይ የሽንት ዕቃውን ደፋበት። ቅጣቱ ከአንድ ወር በላይ እጁን የፊጥኝ መታሰር ሆነ።

ወሬው አየርላንድ ሲደርስ፣ ዐመፁን ያልደገፉት ሳይቀሩ «ይፈቱ!» ማለት ጀመሩ። ፌኒያኖቹን በፍርድ ቤት የተሟገተላቸው ፕሮቴስታንቱ ጠበቃ አይዛክ በት እስረኞቹን ለማስፈታት የሚታገለው የምሕረት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1869 መገባደጃ በየሜዳው ግዙፍ ሰልፍ ተካሄደ። በኖቬምበር ደግሞ የቲፐራሪ መራጮች እስር ቤት ያለውን ሮሳን ለፓርላማ መረጡት! ፓርላማው ወንጀለኛ ነው ብሎ ምርጫውን ሰረዘ። ለእኔ መንግሥትን ከሰልፎቹ ሁሉ በላይ ያሳፈረው ይህ ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስቶን ምሕረቱን ቆንጥሮ ነው የሰጠው። በ1869 መጀመሪያ 49 ሰዎች ሲፈቱ ዋናዎቹ ቀሩ። በ1870 መጨረሻ ለእነርሱም ምሕረት ቢወጣ፣ የፍርድ ዘመናቸው እስኪያልቅ አገራቸውን እንዳይረግጡ በሚል ግዴታ ነበር። ሮሳ፣ ጆን ዴቮይና ሦስት ጓደኞቻቸው በጃንዋሪ 1871 «ኩባ» በተባለች መርከብ ኒው ዮርክ ሲደርሱ፣ የከተማው ተቀናቃኝ ፖለቲከኞች እኛ እንቀበል፣ እኛ እንቀበል እያሉ ተሻሙባቸው።

በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ሳሉ ያሤሩት ወታደሮች ግን ምሕረት አላገኙም። መሐላውን ያፈረሰ ወታደር ይቅር ከተባለ የሠራዊቱ ሥርዓት ይላላል ነበር ሙግቱ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፍሪማንትል ታጉረው ቀሩ። ስሕተቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ወታደሮቹን ወደ ፌኒያኖች ማኅበር ሲመለምል የነበረው ዴቮይ ነውና፣ አሁን ደግሞ ከለንደን እጅ ርቆ አሜሪካ ተቀምጧል። በመራው መዋጮ «ካታልፓ» የተባለች የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ተገዛች፤ በኤፕሪል 1876 ከታጎሩት ወታደሮች ስድስቱን ይዛ ወጣች። የቅኝ ግዛቱ መርከብ ደርሶባት ሊተኩስ ሲዝት፣ ካፒቴኑ የአሜሪካን ባንዲራ አሳየ። አሳዳጆቹ ተመለሱ።

ዴቮይ ኒው ዮርክ ሆኖ የመራው፣ ክላን ና ጌል የተባለው የአየርላንድ ሪፐብሊክ ደጋፊዎች ማኅበር ለ1916ቱ የደብሊን ዐመፅ ገንዘብ ልኳል። በዐመፁ አዋጅ ላይ ስሙ በቅድሚያ የሰፈረው ቶም ክላርክም 15 ዓመት በእንግሊዝ ወህኒ ቤት ማቅቆ፣ ከሌላ ዙር የምሕረት ዘመቻ በኋላ በ1898 የተፈታ ነበር።