ሚኻይሎቭስኮዬ፦ የሃኒባሎች ርስት

በምዕራብ ሩሲያ፣ ከፕስኮቭ ከተማ ወደ ደቡብ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ሶሮት የተባለ ዝግተኛ ወንዝ በለምለም ሜዳ ላይ እየተጠማዘዘ ይፈሳል። ወንዙን ቁልቁል ከሚያይ ጉብታ ላይ ሚኻይሎቭስኮዬ የምትባል ትንሽ የገጠር መንደር አለች። የአካባቢው ገበሬዎች ዙዬቮ ይሏት ነበር። ዓለም የሚያውቃት አሌክሳንደር ፑሽኪን ከ1824 እስከ 1826 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በግዞት የተቀመጠባት ቦታ በመሆኗ ነው። መጻሕፍቱም አስጎብኚዎቹም ታሪኳን የሚጀምሩት ከዚያው ነው። እኔ ግን መንደሯ በባለቅኔው ስትጀመር ግማሽ ታሪኳ ይቀራል እላለሁ። ሚኻይሎቭስኮዬ አስቀድማ የሃኒባሎች ርስት ናት፤ ፑሽኪንም ወደዚህ የመጣው በእናቱ ወገን ስለተወረሰች ነው። እዚያ ተቀምጦ የጻፈውም ሆነ የጠያየቀው እሱ ራሱ ይህንን ጠንቅቆ ያውቅ እንደነበር ይመሰክራል።

ነገሩ የሚጀምረው በ1742 ነው። በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ በቁስጥንጥንያ በኩል ለታላቁ ጴጥሮስ የደረሰው፣ ንጉሡም ክርስትና ያነሳው አብራም ፔትሮቪች ሃኒባል፣ በፈረንሳይ አገር ምሕንድስና ተምሮ በሩሲያ ጦር ውስጥ የምሽግ ባለሙያ ሆኖ ነበር። ጴጥሮስ ሲሞት ግን ጠላቶቹ እስከ ሳይቤሪያ አርቀው አስወጡት። ዕድሉ የተመለሰው የጴጥሮስ ልጅ ኤልሳቤጥ ዙፋን ስትይዝ ነው። በ1742 በፕስኮቭ ምድር የነበረውን ሰፊ የቤተ መንግሥት መሬት ሰጠችው፤ በ1746 ደግሞ ለልጅ ልጅ እንዲያልፍ አጸናችለት። በእኛ አገር አነጋገር ርስተ ጉልት መሆኑ ነው። መሬቱ ባዶውን አልነበረም፤ በላዩ የሚያርሱት፣ ከነቤተሰባቸው የሚሸጡና የሚወረሱ ጭሰኞች አብረውት ተሰጡ። ከዚህ ላይ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። በባርነት ከአገሩ የወጣ ልጅ ጎልምሶ ነፃነት የሌላቸው ሰዎች ጌታ ሆነ። ሃኒባልን የምናደንቅ ሁሉ ይህንንም አብረን መያዝ አለብን። ለዚህ ምስክሩ ራሱ መንደሩ ነው፤ ደኑን የመነጠሩትና ዛፎቹን የተከሉት የጭሰኞቹ እጆች ናቸው።

አብራም በ1781 ሲሞት ርስቱ ለልጆቹ ተከፈለ። በኩቻኔ ሐይቅ ዳር ያለችው ፔትሮቭስኮዬ ለፒዮትር፣ ሚኻይሎቭስኮዬ ደግሞ ለኦሲፕ ደረሱ። የፑሽኪን አያት የሆነው ኦሲፕ ገንዘብ በታኝ፣ ትዳሩንም ያላከበረ ሰው ነበር፤ ሚስቱ በሕይወት እያለች ሌላ አግብቶ ሁለተኛው ጋብቻ በእቴጌ ካትሪን ፈርሶበታል። ሆኖም ዛሬ ጎብኚው አይቶ የሚደነቅበትን የመንደሯን መልክ ያወጣው እሱ ነው። አነስተኛውን የእንጨት ቤት ከጉብታው ጫፍ ላይ አቆመ፤ ከጀርባው መናፈሻ ዘረጋ፤ ወደ ቤቱ በሚያመጣው መንገድ ግራና ቀኝ ጥድ አስተከለ። ከእነዚህ ጥዶች ዕድሜያቸው ከሁለት መቶ ዓመት ያለፈ ዛሬም ይታያሉ፤ ቁመታቸው ሠላሳ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ኦሲፕ በ1806 ሲያርፍ ርስቱ ለሚስቱና ለአንድያ ልጁ ለናዴዥዳ፣ ለፑሽኪን እናት፣ ተላለፈ።

ባለቅኔው በ1824 ከመንግሥት ሥራ ተባርሮ ወደዚህ የተላከው ሃይማኖትን የሚነካ ቃል የጻፈበት ደብዳቤ በባለሥልጣናት እጅ ስለወደቀ ነበር። ቤተሰቡ እሱን በመጠበቅ ጉዳይ ተጣልቶ በዚያው መጸው መንደሩን ለቀቀና፣ ወጣቱ ከሞግዚቱ ከአሪና ሮዲዮኖቭና ጋር ቀረ። «ቦሪስ ጎዱኖቭ»ን የጻፈው፣ የ«የቭጌኒ ኦኔጊን»ን መካከለኛ ምዕራፎች ያዘጋጀው እዚህ ነው፤ ይህንን የሚክድ የለም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ በዚያ ብቸኝነት ውስጥ ምን ይፈልግ ነበር? አንደኛ፣ የሕዝቡን ቃል። አሪና፣ ራሷም የሃኒባሎች ጭሰኛ የነበረችው፣ የነገረችውን ሰባት ተረት በማስታወሻው አስፍሯል። በ1825 በአቅራቢያው ባለው የስቪያቶጎርስክ ገዳም ደጃፍ በተደረገው ገበያ ላይ ያየው አንድ የኦፖችካ ከተማ ነጋዴ በዕለት ማስታወሻው እንዳሰፈረው፣ ባለቅኔው ቀይ የጥጥ ሸሚዝ ለብሶ፣ በሰማያዊ ጥብጣብ ታጥቆ፣ የገለባ ባርኔጣ ደፍቶ፣ የብረት በትር ይዞ ነበር፤ ብርቱካን በረጅም ጥፍሮቹ እየላጠ ግማሽ ደርዘን ያህል በልቷል። ሁለተኛ፣ ሃኒባልን። የ«ኦኔጊን» የመጀመሪያ ምዕራፍ በ1825 ሲታተም ስለ አፍሪካዊ ቅድመ አያቱ ረዘም ያለ ማብራሪያ ከሥሩ አስገባ። በዚያው ዓመት ስለ ቅድመ አያቱ የተጻፈ ነገር ለማግኘት ሽማግሌውን ፒዮትርን ሊጠይቅ እንዳሰበ ለትሪጎርስኮዬዋ ጎረቤቱ ለወይዘሮ ኦሲፖቫ ጻፈ። ፒዮትር በማግሥቱ ዓመት ሞተ። ከግዞት ተፈትቶ በ1827 በጋ ሲመለስም የመጀመሪያው የዝርው ልቦለድ ሙከራው የሆነውን፣ የአብራምን ሕይወት መነሻ ያደረገውንና ሳይጨርሰው የቀረውን ታሪክ የጀመረው በዚህች መንደር ነው። ቅድመ አያቱን ይፈልግ የነበረ ሰው ያረፈበትን ቤት ያለ ቅድመ አያቱ መተረክ እሱን ራሱን አለመስማት ይመስለኛል።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ «ዛሬ የሚታየው ቤት የሃኒባልም የፑሽኪንም አይደለም፤ ቅጂ ነው፤ ታዲያ ምኑ ይመሰክራል?» የሚል። እውነት ነው። የኦሲፕ ቤት አርጅቶ በ1860ዎቹ የባለቅኔው ልጅ ግሪጎሪ አፍርሶ ሌላ ሠራ። ያም በ1908 ተቃጠለ፤ በ1911 ተሠራ። በየካቲት 1918፣ በአብዮቱ ግርግር፣ ሚኻይሎቭስኮዬ፣ ፔትሮቭስኮዬና ትሪጎርስኮዬ በጥቂት ቀናት ልዩነት ጋዩ። በ1937 እንደገና ቆመ፤ በ1944 በጦርነቱ ወደመ፤ በ1949 ዳግም ተገነባ። የአሪና ጎጆ እንኳ፣ ከባለቅኔው ዘመን በቀጥታ የተረፈችው ብቸኛ ቤት፣ በጦርነቱ ጠፍታ በ1947 ነው የተመለሰችው። ግን ይህ ተቃውሞ የሚያፈርሰው ቤቱን ብቻ የሚያዩትን ሰዎች ነው። ግንበኞቹ በአሮጌው መሠረት ላይ፣ አንድ ቀያሽ ስሎት በ1837 ለኅትመት የበቃውን ሥዕል ተከትለው ሠርተዋል፤ ቤቱ ለዓይን መመሪያ ነው። ማስረጃው ከውጭ ነው ያለው። ከወንዙ መታጠፊያ በላይ ሳቭኪና ጎርካ የሚባል የጥንት ምሽግ ጉብታ አለ፤ በላዩ ያለው ድንጋይ ሳቫ የተባለ ቄስ በ7021 መስቀል እንዳቆመ ይናገራል። የዘመን ቁጥሩ እንደ እኛ ባሕረ ሐሳብ ከዓለም ፍጥረት የተነሣ ሲሆን፣ 1513 ማለት ነው። ፑሽኪን ይህንን ጉብታ እጅግ ወዶት በ1831 ገዝቶ ጎጆ ሊሠራበት ተመኝቷል። በትሪጎርስኮዬ አጠገብ ደግሞ የቮሮኒች አምባ አለ፤ የፖላንዱ ንጉሥ ባቶሪ በ1581 ያፈረሰው የድንበር ምሽግ። እነዚህን ማንም ቃጠሎ አላጠፋቸውም። የ1918ቱ እሳትም ቢሆን ከመንደሩ ታሪክ ውጭ የሚጣል አደጋ አይደለም፤ ከ1742ቱ ስጦታ ጋር አብሮ የተሰጠው የጭሰኝነት ቁጣ የመጨረሻ ምዕራፍ አድርጌ ነው የማየው።

መንግሥት ቦታውን በመጋቢት 1922 የተጠበቀ ስፍራ አደረገው። ከጦርነቱ በኋላ ከፍርስራሽ ያነሣው ሴሚዮን ጌይቼንኮ ሲሆን፣ ከ1945 ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ በኃላፊነት ሠርቷል። የጉዳቱ ልክ ከፍ ያለ ነበር፤ የሶቪየት ዐቃቤ ሕግ በኑረምበርግ ችሎት ካቀረባቸው የባህል ውድመቶች አንዱ ይኸው ነበር። በ1569 በኢቫን አስፈሪው ትእዛዝ የተመሠረተው የስቪያቶጎርስክ ገዳም ፈንጂ ተቀብሮበት ነበር፤ ፈንጂውን ሲያመክኑ ወታደሮች ሞተዋል። ፑሽኪን በ1837 የተቀበረው በዚህ ገዳም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ መቅደስ ውጭ ባለው ቦታ ላይ፣ ከአንድ ዓመት በፊት ራሱ ከቀበራት እናቱና ከአያቱ ከኦሲፕ ሃኒባል አጠገብ ነው። በሞስኮ ወይም በፒተርስቡርግ መቀበር ሲችል እዚህ መሆኑ የቤተሰቡ መሬት ስለሆነ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከእኛው ወገን የሚነሣው ነው። በአዲስ አበባ ፑሽኪን አደባባይ አለ፤ ብዙዎቻችን ሃኒባል ኢትዮጵያዊ ነው ብለን እንጨርሳለን። አብራም ግን በ1742 መኳንንትነቱ እንዲጸና ባቀረበው አቤቱታ ያለው ከአፍሪካ መምጣቱን፣ የትውልድ ከተማውም ላጎን መሆኑን ብቻ ነው። ሐበሻ የሚለው ከሞቱ በኋላ በጀርመንኛ ከተጻፈው የሕይወት ታሪኩና ከቤተሰቡ ትውፊት የመጣ ነው። አንዳንዶች ላጎንን በሐማሴን ካለው ሎጎ ጋር ያያይዙታል። የቤኒኑ ተመራማሪ ዲውዶኔ ኛማንኩ ደግሞ በ1990ዎቹ በካሜሩን ያለችውን ሎጎን ቢርኒን ጠቁሟል፤ ሙግቱም ብዙ ደጋፊ አግኝቷል። ይህ ክርክር ሳይቋጭ የእኛ ነው ብሎ መያዙ አይረዳም። የእኔ ሐሳብም በዚያ ላይ አልቆመም። ከምዕራብም ይምጣ ከምሥራቅ፣ አንድ አፍሪካዊ በሶሮት ዳር መሬት መያዙ፣ ልጁ መናፈሻውን መዘርጋቱ፣ የልጅ ልጁ ልጅም እዚያው ተቀምጦ ስለ እሱ መጻፉ በሰነድ የተረጋገጠ ነው። ስለዚህ ወደ ፕስኮቭ ምድር የሚሄድ አንባቢ ቢኖር፣ ብዙዎቹ አስጎብኚዎች የሚከተሉትን ቅደም ተከተል ገልብጦ ጉብኝቱን በ1977 ዳግም ከተገነባው ከፔትሮቭስኮዬው የሃኒባሎች ቤት እንዲጀምር፣ ከዚያም በሐይቁ ዳር በእግሩ ወደ ሚኻይሎቭስኮዬ እንዲዘልቅ እመክረዋለሁ።