ዶሮዋን አይሣሏት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በመኪና ተጉዘው ከሆነ ሐሙሲትን ያውቋታል። በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ወረዳ የምትገኝ፣ ስሟን ከገበያ ቀኗ የወሰደች ከተማ ናት። ሐሙስ ረፋድ ላይ ከደረሱ እህል የጫነው አህያና ዶሮ አንጠልጥሎ የሚጣደፈው ገበያተኛ መንገዱን ሞልቶት መኪናዎ በእርምጃ ይሄዳል። አሁን ያንኑ ገበያ አመሻሹ ላይ ያስቡት። እኛ እንዲህ አድርገን ጻፍነው፦

ሐሙስ መሸ
ገበያ ተበተነ
ዶሮ መጣች

ለዚህ ግጥም ሥዕል እንዲሠራ ልጅዎን ቢጠይቁት ምን ይሥላል? ዶሮ! እኛም ብንሆን ያንኑ ነው የምናደርገው። ነገር ግን ዶሮዋ ግጥሙ ውስጥ አለች። ወረቀቱ ላይ ሌላ ነገር ይምጣ፦ በጎኑ የወደቀ ጣሳ፣ አጠገቡም አምስት ስድስት የበቆሎ ፍሬ። ያን ጊዜ ዶሮዋ ለምን እንደመጣች አንባቢው ራሱ ይደርስበታል።

መምህሩ ተማሪ ሲሆን

ጃፓኖች ይህን አጭር ግጥም ሃይኩ ይሉታል። አምስት፣ ሰባት፣ አምስት ተብሎ የሚቆጠር 17 ድምፅ አለው። ከቀላል ሥዕል ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ሲገናኝ ደግሞ ሃይጋ ይባላል። ዮሳ ቡሶን (እ.ኤ.አ. 1716–1784) ግጥሙንም ሥዕሉንም በራሱ እጅ ይሠራ ነበር። ከእሱ የሚቀድመው ታላቁ ባሾ (1644–1694) ግን ኪዮሪኩ ከሚባል ደቀ መዝሙሩ ጋር ተጋግዞ የሠራቸው አሉ። ኪዮሪኩ ሥዕል ዐዋቂ ነበርና ባሾ ግጥም እያስተማረው ከእሱ ሥዕል ይማር ነበር። ከልጅዎ ጋር ወረቀት ዘርግተው ሲቀመጡ ይህን ያስታውሱ።

ለእኛም እንግዳ አይደለም

የጃፓን ካና እንደ ፊደላችን አናባቢና ተነባቢን በአንድ ምልክት ይይዛል። ስለዚህ ልጆች በጣታቸው ፊደል እየቆጠሩ መግጠም ይችላሉ። በጥቂት ቃል ብዙ መናገርም ቢሆን የቆየ ሙያችን ነው፤ የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው በሁለት ቤት ከምታልቀው ጉባኤ ቃና ነው። ሃይኩ እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ የለውም፤ ሆኖም ሁለቱም ለሰሚው የሚተዉለት ነገር አለ። ብሩሽና ብዕርን ማገናኘትም ቢሆን ገብረ ክርስቶስ ደስታን ያስታውሰናል፤ ሠዓሊም ገጣሚም ነበር።

ቤትዎ ይሞክሩት

ያዩትን ብቻ ይጻፉ። «ደስ ይላል»፣ «ያሳዝናል» የሚሉትን ቃላት ይተዋቸው፤ ዶሮዋ ትናገር። ቁጥሩ ቋንቋውን ካጣመመው ቁጥሩ ይቅር።

አንድ እርሳስ ይበቃል። ቀለም የለም፣ ላጲስ የለም፣ ከአሥር መስመር በላይም የለም። እጄ ለሥዕል አይታዘዝም ለሚል ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ግጥሙ የጠራውን ነገር ሠዓሊው አይሣለው። አጠገቡ ያለውን ይፈልግ።

ተራ ይለዋወጡ። ዛሬ የጻፈ በሚቀጥለው ሳምንት ይሣል። ማንም የማንንም ሥራ አያርም።

ለተራራቀ ቤተሰብ

ጨዋታው ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የተራራቀ ቤተሰብን ነው። ከውጭ አገር ልጅ ጋር የምናደርገውን የስልክ ወሬ እናውቀዋለን፦ «ደኅና ነሽ?» «ደኅና ነኝ።» «በልተሻል?» «በልቻለሁ።» ከዚያ ዝምታ። ለዝምታው አንድ ሥራ ይስጡት። እናት ዛሬ ያዩትን በቃላቸው ይናገሩ፤ መጻፍ ባይችሉም ግድ የለም። እርስዎ ይጻፉ። ልጅቱ ካለችበት ሥላ፣ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትላክ። እንዲህ ያለ ግጥም ይሆናል፦

ቡናው ፈላ
ሲኒ ተረፈ ዛሬ
ስልኩ ጠራ

ልጅቱ ምን ትሣል? ሲኒውን አይደለም፤ ስልኩንም አይደለም። ከመስኮቷ ውጭ የሚታየውን ትሣል። እናቷ ያንን መስኮት አይተውት አያውቁም።