አዲስ ሞተር እንደ ወይፈን መቅናት አለበት

ወይፈን ገዝቶ በማግሥቱ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያርስበት ገበሬ በዳባትም ሆነ በደባርቅ አይገኝም። መጀመሪያ ቀንበር ያለምደዋል። ከቀና በሬ ጋር ያጠምደዋል። ለስላሳ መሬት ላይ ጥቂት ትልም ያወጣበትና ይፈታዋል። እንዲህ እየተባለ ወይፈኑ ይቀናል።

ሞተርም እንደዚሁ ነው። አይሱዙ ይሁን ባጃጅ፣ የወፍጮ ሞተር ይሁን የውሃ መሳቢያ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ገና አልቀናም። ሾፌሮችና መካኒኮች ይህን የማቅናት ጊዜ «ሮዳጅ» ይሉታል። ቃሉ እንደ ብዙዎቹ የጋራዥ ቃላት ከጣልያንኛ የመጣ ነው።

ሮዳጁ የተበላሸበት ሞተር ወዲያው አይቆምም። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ይሠራል፣ ይፈጫል፣ ይጭናል። እየዋለ እያደረ ግን ዘይት መጠጣት ይጀምራል። ጉልበቱ ይቀንሳል። ነዳጅ ይፈጃል። ማኅበሩ ተበድሮ የገዛው ከሆነ ዕዳው ተከፍሎ ሳያልቅ ሞተሩ ይደክማል። ያን ጊዜ ሰው «ዕቃው ድሮም አይረባም ነበር» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የዕቃው አይደለም።

እስቲ የሞተሩን ውስጥ እንመልከት። ሲሊንደር የሚባል እንደ ቀፎ ድቡልቡል የሆነ የብረት ቤት አለ። በውስጡ ፒስተን የሚባል ብረት ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። በፒስተኑ ዙሪያ ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች አሉ። ነዳጅ ሲቃጠል የሚፈጠረው ትኩስ ጋዝ ወደ ታች እንዳያመልጥ የሚዘጉት እነርሱ ናቸው። ከታች ያለው ዘይት ወደ ላይ ወጥቶ እንዳይቃጠል የሚጠርጉትም እነርሱ ናቸው።

የአዲስ ሲሊንደር ግድግዳ ለዓይን ለስላሳ ይመስላል። ነገር ግን ፋብሪካው ሆን ብሎ በጣም ደቃቅ የሆኑ የተሻገሩ ጭረቶች ያወጣበታል። ጭረቶቹ ዘይት ይይዛሉ፤ ቀለበቱንም እንደ ሞረድ ይሞርዱታል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቀለበቱና ግድግዳው እየተፋተጉ አንዱ የሌላውን ቅርጽ ይይዛል። አዲስ የተወቀረ ወፍጮና መጅ መጀመሪያ አሸዋ ይሰጣል አይደል? እናቶች ያንን የመጀመሪያ ዱቄት ለሰው አያበሉትም። ከአዲስ ሞተርም እንዲሁ የብረት ብናኝ ይወጣል፤ ብናኙም ዘይቱ ውስጥ ይገባል።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። ቀለበቱን ወደ ግድግዳው ገፍቶ የሚያስገጥመው ከላይ የሚመጣው የጋዝ ግፊት ነው። ግፊት የሚኖረው ደግሞ ሞተሩ ሥራ ሲይዝ ነው። «አዲስ ስለሆነ እንዲያው ዝም ብሎ ይሥራ» ተብሎ ቀኑን ሙሉ በሚኒሞ የሚዋል ሞተር ግፊቱ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ቀለበቱ አይገጥምም። ዘይቱ ግድግዳው ላይ እየተጋገረ እንደ ተሟሸ ምጣድ ያለሰልሰዋል። ይህ ለምጣድ ጥሩ ነው፤ ለሲሊንደር ግን ጥፋት ነው። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ተፈትቶ ግድግዳው እንደገና ካልተጫረ በቀር ጉዳቱ የሚድን አይሆንም። እዚህ ላይ ሞተር ከወይፈን ይለያል። ወይፈን ቢያርፍ አይጎዳም፤ አዲስ ሞተር ግን ሥራ ሲፈታ ይጎዳል።

ከመጠን በላይ ማሠራትም ያው ነው። ሙሉ ጭነት ጭኖ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው መርገጥ ገና ያልተገጣጠመውን ብረት ከልክ በላይ ያግለዋል። ብረትና ብረት ይነካከሳሉ፤ ግድግዳውም ይቧጨራል። የሚፈለገው መካከለኛ ሥራ ነው።

ለመኪና ብዙ የፋብሪካ መመሪያዎች ከ1,000 እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ድረስ ይህ ጥንቃቄ እንዲደረግ ይላሉ። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ አምስት ጊዜ ደርሶ መልስ ማለት 1,000 ኪሎ ሜትር ሆነ ማለት ነው። በእነዚህ አምስት ጉዞዎች መኪናው በግማሽ ጭነት ይሂድ። በሜዳው ላይ አንድ ፍጥነት ይዞ አይዝለቅ፤ ፈጠን፣ ቀዝቀዝ እያለ ይሂድ። ዳገት ሲመጣ ሞተሩ እስኪያቃስት አይጠበቅም፤ ቀደም ብሎ ማርሽ መቀነስ ነው።

የእኛ አገር ደጋ መሆኑ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ አየሩ በባሕር ወለል ደረጃ ካለው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ስለዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ሾፌሩ ይህን ሳያውቅ «አዲስ ሆኖ እንዴት ዳገት ያቅተዋል?» እያለ ነዳጅ ይረግጣል። ናፍጣው የሚያቃጥለው አየር ስለሚያንሰው ጥቁር ጭስ ይወጣል። ጥቁር ጭስ ካያችሁ እግር ይነሳ። ውሃም በደባርቅ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባቄላ ለመብሰል የሚዘገየው ለዚሁ ነው። ስለሆነም የራዲያተር ክዳን በደንብ መግጠሙን ጠዋት ጠዋት እዩ። ብርዱ ዘይቱን ስለሚያወፍረው ሞተሩን ካስነሱ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ በዝግታ መነሳት ይበቃል። ግማሽ ሰዓት ማሞቅ ያው የሚኒሞ ጥፋት ነው።

በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ባለው ጊዜ፣ የተቆረጠውን የሊማሊሞን ቁልቁለት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ የሚወርድ ሰው አለ። ይህ በአዲስም በአሮጌም መኪና የሰው ነፍስ የሚያጠፋ ሥራ ነው፤ ፍሬኑ ይግላል፣ ከጋለም አይዝም። በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ነው፤ ሞተሩ እስኪጮህ ድረስ ግን አይለቀቅ። ከ3,500 ሜትር በላይ ወዳለው ወደ ጨነቅ ሙሉ ጭነት ይዞ መውጣትም ሮዳጁ እስኪያልቅ ቢቆይ ይሻላል።

በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ፒስተንም ቀለበትም ስለሌለው ይህ ጣጣ የለበትም። ነገር ግን ሞተሩ ተፈትቶ ቀለበቱ የተቀየረለት አሮጌ መኪና እንደ አዲስ ይቆጠራል። ያልኩት ሁሉ እርሱንም ይመለከታል።

የወፍጮው ነገር ከባድ ነው። የሚከብደውም በሰው ምክንያት ነው። ወፍጮ አዲስ ሲተከል አገሬው ሁሉ ገብሱንና ስንዴውን አሸክሞ ይመጣል። ሩቅ አገር ሄደው ሲያስፈጩ የኖሩ እናቶች ተሰልፈው ሳለ ማን «ዛሬ ይበቃል» ይላል? ስለዚህ የማኅበሩ ኮሚቴ ወፍጮው ከመተከሉ በፊት ለሕዝቡ ይናገር። በመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ሰዓታት እህሉ የሚወርድበት በር ጠበብ ይበል። ሞተሩ በግማሽ ጉልበት ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመርበት። ባዶውን ማዞርም አይገባም። ውሃ በላዩ ተጨምሮ እየፈላ የሚያቀዘቅዘው ዓይነት ከሆነ ውሃው ከምልክቱ እንዳይወርድ ይጠበቅ። ደርቆ ከጋለ ቀዝቃዛ ውሃ አይፈስበትም፤ ብረቱ ይሰነጠቃል፤ እስኪበርድ መጠበቅ ነው።

ያ የብረት ብናኝ ያለበት የመጀመሪያ ዘይት ቶሎ መውጣት አለበት። ለትናንሽ የቤንዚን ውሃ መሳቢያዎች ብዙውን ጊዜ በ20 ሰዓት ነው። ለወፍጮና ለመኪና መመሪያው የሚለው ይደረግ። ዘይቱ ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ሲወጣ ብናኙን ይዞ ይወጣል። ወደ ብርሃን አድርጋችሁ ብታዩት ያብለጨልጫል፤ በመጀመሪያው ዘይት ይህ አያስደነግጥም። ምንጭ አጠገብ ብቻ አትድፉት። ያን ቀን ቡሎኑና ቺንጋው ላልቶ እንደሆነ ይታይ።

አንድ ደብተር ሞተሩ አጠገብ ይሰቀል። ማንበብና መጻፍ የተማረ አንድ ሰው በየማታው እንዲህ ብሎ ይጻፍ፦

«ጥቅምት 4 ቀን። 3 ሰዓት ተኩል ሠራ። ዘይት አንድ የቡና ስኒ ተጨመረ። ጭሱ ደህና ነው።»

የሚጨመረው ዘይት ከሳምንት ሳምንት እየቀነሰ ከሄደ ቀለበቱ እየገጠመ ነው። ሃምሳ ሰዓት አልፎ ሞተሩ ሞቆ ሳለ አሁንም ሰማያዊ ጭስ የሚያጨስ ከሆነ ግን አልገጠመም። ያን ጊዜ ዋስትናው ሳያልፍ ደብተሩን ይዞ ወደ ሻጩ መሄድ ነው። ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሰዓት ሠራ? ዘይቱስ መቼ ተቀየረ?» ብሎ ነው።